የማይዋሸው ፕሬዚዳንትና የእኔ ምስክርነት

ልጄ ከትምህርት ቤት መጥታ «ማሚ፣ ፎርትራግ አለብኝ፤ ስለ አሜሪካ የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት» ስትለኝ በደስታ ልጮህ ምንም አልቀረኝም። ፎርትራግ እዚህ ዙሪክ ልጆቹ ክፍል ፊት ቆመው የሚያቀርቡት ገለጻ ነው። እስከዚያ ቀን ድረስ የደረሷት ርዕሶች በሙሉ እኔ የማልደርስባቸው ነበሩ፤ አንዴ የበረዶ ግግር፣ አንዴ የባቡር ዋሻ፣ አንዴ ደግሞ ስሙን ልጠራ ስሞክር ልጄ በሳቅ የፈረሰችበት የስዊስ ወንዝ። እኔ ጥግ ላይ ተቀምጬ ሻይ ከማቀበል በቀር ጥቅም አልነበረኝም። አሁን ግን የማውቀው ሰው መጣ።

«እሱን ለእኔ ተይው፤ በደንብ አውቀዋለሁ» አልኳት።

«ከየት ነው የምታውቂው?»

ከአራተኛ ክፍል ነዋ። አዲስ አበባ የእንግሊዝኛ መምህራችን ታሪኩን የነገረን እየተወነ ነው። ሰውዬው ልጅ ሳለ አዲስ መጥረቢያ ተሰጠውና የአባቱን የቼሪ ዛፍ ቆረጠ፤ አባቱ ተቆጥቶ «ማነው ይህን ያደረገው?» ሲል «አባዬ፣ መዋሸት አልችልም፣ እኔ ነኝ» አለ፤ አባቱም ከዛፉ እውነትህ ይበልጥብኛል ብሎ አቀፈው። ቼሪ ምን እንደሆነ የሚያውቅ ከመካከላችን ስላልነበረ መምህሩ «በቃ ኮክ በሉት» አለን። ስለዚህ እዚህ አገር መጥቼ የጎረቤት ግቢ ውስጥ እውነተኛውን ቼሪ እስካይ ድረስ በእኔ ጭንቅላት ፕሬዚዳንቱ ሲቆርጥ የኖረው ኮክ ነበር።

ታሪኩ አብሮኝ አደገ ማለት እችላለሁ። የምንሰበሰብባት ቤተ ክርስቲያን ትንሽ ናት፤ የስዊሶቹ አምልኮ ካለቀ በኋላ አዳራሻቸውን ለከሰዓት እንከራያለን፤ እኔ ደግሞ ምድር ቤቱ ውስጥ ልጆቹን አስተምራለሁ። ስለ እውነት የምናስተምርበት ሳምንት ሲደርስ ከመጽሐፍ ቅዱሱ ቃል ቀጥሎ የማወጣው ይህንኑ ልጅና መጥረቢያውን ነው። ከካርቶን መጥረቢያ ሠርቼላቸዋለሁ። ሁሉም በየተራ «እኔ ነኝ!» እያሉ ሲጮኹ ላይ ቤት የሚጸልዩት አዋቂዎች መሬቱን በእግራቸው ይደበድቡብናል።

ለእኔ ግን ከልጆች ጨዋታም በላይ ነበር። በጉባኤው ፊት ደጋግሜ የምሰጠው ምስክርነት አለኝ። እዚህ አገር ለመቅረቴ፣ ለትዳሬ፣ ለልጄም መነሻው አንድ ቀን አለመዋሸቴ ነው ብዬ አምን ነበር። እንግዳ ሰባኪ ሲመጣ መጋቢያችን «እህታችን ያንን ምስክርነቷን ብታካፍለን» ይላል። እኔም ለመናገር ሁለቴ የምለመን ሰው አይደለሁም።

ቅዳሜ ነበር። ዜባህ በሚባለው የዙሪክ ሰፈር የምንኖርበት ሕንፃ ውስጥ የልብስ ማጠቢያው ክፍል በተራ ነው፤ ተራው ያለፈበት ሰው ከጎረቤት ጋር ይኳረፋል። እኔ ቅርጫት ተሸክሜ አራተኛ ፎቅ ስወጣና ስወርድ ልጄ ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ላፕቶፗን ከፍታ ታነባለች። አባቷ ሥራ ነው፤ አውሮፕላን ማረፊያ ሻንጣ ይጭናል፣ ቅዳሜ እሁድ የሚባል ነገር አያውቅም።

«ማሚ፣ ዳስ ሽቲምት ኖድ» አለች። ልክ አይደለም ማለቷ ነው።

«ምኑ?»

«ዛፉ። እንደዛ የሚባል ነገር የለም። ሰውዬው ከሞተ በኋላ ስለ እሱ መጽሐፍ የጻፈ ሰው ነው የፈጠረው።»

ቅርጫቱን መሬት አስቀመጥኩ። ስለ አለመዋሸት ውሸት ይጻፋል? «ማን አለ?» አልኳት። «ሁሉም» አለችና ስክሪኑን አዞረችልኝ። ጀርመንኛው ረጅም ነው፤ ግን ገባኝ። ክው አልኩ። አርባ ሦስት ዓመቴ ነው፤ ከአራተኛ ክፍል ጀምሬ አንድ ሰው ያልቆረጠውን ዛፍ ተሸክሜ ስዞር ኖሬያለሁ ማለት ነው። የካርቶኑ መጥረቢያ ትዝ ሲለኝ ፊቴ ጋለ።

«ቢሆንም ሰውዬው ጥሩ ሰው ነው» አልኩ። በቀላሉ ልለቀው አልፈለግኩም።

«ማሚ፣ ባሪያዎች ነበሩት።»

እሱንማ ሰምቻለሁ። በዚያ ዘመን ሀብታም ሁሉ ነበረው ብዬ አልፌው ነበር፤ ከሩቅ ሲሆን ማለፍ አይከብድም። ልጄ ግን እንደ አባቷ ናት፤ አንድ ነገር ከያዘች ጥጉን ሳታይ አትለቅም። ጥርሱ የእንጨት ነበር የሚባለውም ልክ አይደለም አለችኝ። ሰው ሠራሽ ጥርሱ ከእንስሳ ጥርስና ከሰው ጥርስ የተሠራ ነበር፤ ከባሪያዎች አፍ የተነቀለ ጥርስ እንደገዛም መዝገቡ ውስጥ ተጽፏል። ሳላስበው ምላሴ የራሴን ጥርስ ሲዳብስ አገኘሁት።

የቀጠለችው ነገር ግን ወንበር ስቤ እንድቀመጥ አደረገኝ። ፕሬዚዳንት ሆኖ ይኖርበት የነበረው ግዛት ሕግ ነበረው፤ ከሌላ ቦታ የመጣ ባሪያ እዚያ ስድስት ወር ሳያቋርጥ ከኖረ ነፃ ይወጣል። ሰውዬው ስድስት ወሩ ሊሞላ ሲል ባሪያዎቹን በሆነ ሰበብ ድንበር ያሻግራቸዋል። ትንሽ ቆይተው ይመለሳሉ፤ ቆጠራው እንደገና ከአንድ ይጀምራል። እነሱም ሌላውም ሰው ምክንያቱን እንዳይነቃበት በዘዴ እንዲደረግ ለጸሐፊው ጽፎለታል።

«ስድስት ወር?» አልኩ።

እኛ ስድስት ወርን የማናውቅ ይመስል! እዚህ ጥገኝነት የጠየቀ ሰው ቀደም ብሎ ጣሊያን አሻራ ሰጥቶ ከተገኘ ወደዚያው ይመልሱታል፤ ሳይመልሱት ስድስት ወር ካለፈ ግን ጉዳዩን እዚሁ ያዩለታል። ጉባኤያችን ውስጥ አብረን ቀን እየቆጠርን የጸለይንላቸው አሉ፤ ሊሞላለት ጥቂት ቀን ሲቀረው የተወሰደም አለ። ያ ቀን መቁጠር እህል እንደማያስበላ አይቻለሁ። እና እኔ ለእነዚያው ሰዎች ልጆች ምሳሌ አድርጌ የማቀርበው ሰው ቀን ከሚያጨናግፉት ወገን ኖሯል። ደሜ ፈላ። «ዓይን አውጣ!» ብዬ ጮህኩ፤ ልጄ ደንግጣ ሳቀች።

ባለቤቴ ማታ ሲነገረው የእሱ ነገር ሌላ ነው። «ሥልጣኑን በፈቃዱ ለቆ እርሻው የገባ ሰው ነው፤ ይሄ ቀላል ነገር ነው እንዴ? የኛዎቹን አታዪያቸውም?» አለኝ። እውነቱን ነው፤ ያንንም ልጄ አንብባዋለች፤ አገሩ ዋና ከተማዋን በስሙ የሰየመችው በከንቱ አይደለም። «አገር የሚያህል ሥልጣን የለቀቀ ሰው አንዲት ልጅ መልቀቅ እንዴት አቃተው?» አልኩት። የትኛዋን ልጅ ማለቴ እንደሆነ ግን ከቀን ወሬያችን ልንገራችሁ።

ልጄ «ቆይ፣ አልጨረስኩም፤ አንዲት ልጅ አለች» አለችኝ። ግማሹን በአማርኛ ግማሹን በጀርመንኛ ያለችውን እኔ አቃንቼ ስጽፈው እንዲህ ነው። ልጅቷ የፕሬዚዳንቱ ሚስት የግል አገልጋይ ነበረች፤ ትሰፋላታለች፣ ታለብሳታለች፤ ዕድሜዋ ከሃያ ብዙም አያልፍም። እመቤቲቱ የልጅ ልጇ ስላገባች እሷን ስጦታ አድርጋ ልትሰጣት እንደሆነ ልጅቷ ሰማች። ዕቃዋን አስቀድማ ወዳጆቿ ቤት አሸሸች። አንድ ቀን ቤተሰቡ ማዕድ ላይ እንዳለ በበሩ ወጥታ ሄደች፤ መርከብ ተሳፍራ ወደ ሰሜን አመለጠች።

«ማዕድ ላይ እያሉ?» አልኩ።

«አዎ፣ እየበሉ እያለ።»

የያዝኩት ነገር ከእጄ ወደቀ ብል ደስ ይል ነበር፤ አልወደቀም። ካልሲ ነበር የያዝኩት፤ እሱኑ አንድ ጊዜ እያጠፍኩ አንድ ጊዜ እየፈታሁ ተቀመጥኩ። «ከዚያስ?» አልኩ።

«ከዚያ እዛ ከተማ አንዲት ልጅ መንገድ ላይ አየቻት። የፕሬዚዳንቱ ቤተሰብ ወዳጅ ነች፤ ታውቃታለች። ወሬው ሰውዬው ጋ ደረሰ። ሰው ላከባት፤ እምቢ አለች። ሌላ ጊዜ ደግሞ ዘመዱን ላከ። ዘመዱ እንግዳ ሆኖ እራት የበላበት ቤት፣ ልጅቷን ልወስዳት ነው የመጣሁት ብሎ አወራ። ከዛ ቤት ለልጅቷ መልእክት ተላከላት፤ አመለጠች።»

«ተመስገን!»

«ግን ነፃ አይደለችም ማሚ። ሰውዬው ሲሞት የኔ ባሪያዎች ሚስቴ ስትሞት ነፃ ይውጡ ብሎ ጽፏል። እሷ የሚስትየው ወገን ነች፤ አልገባችበትም። አርጅታ እስክትሞት በወረቀት የነሱ ንብረት ነች።»

እዚህ ላይ ዝም ማለት ነበረብኝ። እኔ ግን ሲጨንቀኝ አወራለሁ። «ሰውዬው የፈለገውን ይሁን፤ እውነት እውነት ነው፤ እኔን እዚህ ያደረሰኝ እውነት ነው» ብዬ ምስክርነቴን ጀመርኩላት። ቤተ ክርስቲያን ስንት ጊዜ ሰምታዋለች፤ የሰማችው ግን ከኋላ ወንበር ስልኳን እየነካካች ነው።

ምስክርነቴ ይህ ነው። ከአሥራ ሰባት ዓመት በፊት ጄኔቫ፣ ግራንድ ሳኮኔ፣ አንድ ዲፕሎማት ቤት እሠራ ነበር። አዲስ አበባ ተመድበው ሳሉ የቀጠሩን ሁለት ነበርን፤ ሲዛወሩ ይዘውን መጡ። እኔ አበስላለሁ፤ ሌላዋ፣ የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ፣ ቤት ታጸዳለች፣ የእመቤቲቱን ልብስ ትተኩሳለች። ስትተኩስ የማይስቀውን ሁሉ የምታስቅ ተጫዋች ነበረች፤ የእመቤቲቱን ሸሚዝ ለብሳ አካሄዷን ስታሳየኝ ወጥ አሳርሬ አውቃለሁ። መኖሪያ ካርዳችን ከእነሱ ጋር የታሰረ ነው፤ ከቤታቸው ከወጣን ካርዱም የለም፤ ፓስፖርታችን እመቤቲቱ መሳቢያ ውስጥ ነው። የእመቤቲቱ ልጅ አገራቸው ውስጥ አግብታ ነበርና ልጅቷ ወደዚያ ሄዳ እንድታገለግላት ተወሰነ። ትፈልጊያለሽ ወይ ብሎ የጠየቃት የለም።

እሁድ ምሳ ላይ እንግዶች ነበሩ። ልጅቷ ሰላጣውን አቀረበች፤ ወጥ ቤት ተመልሳ ሽርጧን አጠፈችና «እትዬ ጋ ነኝ፤ ሲመችሽ ትመጫለሽ» አለችኝ፤ እትዬ የምንላት እዚያው ከተማ የምትኖር ያገራችን ሴት ናት፤ በጋራዡ በር ወጥታ አውቶቡስ ተሳፈረች። ሁለተኛውን ሳህን ብቻዬን ነው ያስገባሁት። ማክሰኞ እመቤቲቱ ወጥ ቤት መጥታ አጠገቤ ቆመች። አልጮኸችም። «አንቺ ክርስቲያን ነሽ፤ አትዋሺም» አለችኝ። ያ ልጅና መጥረቢያው ትዝ አሉኝ። «መዋሸት አልችልም» አልኩ፤ ቤቱን፣ ፎቁን፣ የትኛው ደወል እንደሚደወል ሳይቀር ነገርኳት።

ቤተ ክርስቲያን ስመሰክር እዚህ ላይ ሰዉ «ሃሌ ሉያ!» ይላል። ከዚያ እቀጥላለሁ፤ እመቤቲቱ ወደደችኝ፣ ስትዛወር ለሌላ ደግ ቤተሰብ አሳልፋ ሰጠችኝ፣ ባለቤቴን አገኘሁ፣ ዙሪክ መጣሁ፣ ጌታ ታማኝነቴን ቆጠረልኝ።

ልጄ በዚህ ሁሉ ስልኳን አልነካካችም። «ልጅቷስ?» አለች።

«የቷ ልጅ?»

«ያቺ ሰላጣ ያቀረበችው። ምን ሆነች?»

መጋቢው፣ ሽማግሌዎቹ፣ እንግዳ ሰባኪዎቹ፣ ባሌ፣ አንድም ሰው ይህን ጠይቆኝ አያውቅም። እኔም ራሴን አልጠየቅኩም። «አገራቸው ሄደች» አልኩ።

«ፈልጋ?»

ካልሲውን እንደገና አጠፍኩት። ልጄ የጠየቀችው በክፋት አልነበረም፤ ሒሳብ እንደሚሠራ ሰው ጣቷን ስክሪኑ ላይ አድርጋ «እና አንቺ፣ ያቺ መንገድ ላይ ያየቻት ነሽ» አለች። ቀጥላም «እራት የተበላበት ቤትም እውነቱን ተናግረዋል። ግን ለእሷ ነው የነገሩት» አለች። ከዚያ ርቧት ስለነበር ተነስታ ፍሪጁን ከፈተች።

በምስክርነቴ ውስጥ የማላስገባው ነገር አለ። በማግሥቱ ረቡዕ እመቤቲቱ የልጅቷን ሻንጣ እንዳዘጋጅ አዘዘችኝ፤ አዘጋጀሁ። ሸሚዞቿን በደንብ አጠፍኩላት። መኪናው በር ላይ ሲቆም ልጅቷ ከኋላ ተቀምጣለች፤ ወይ ፖሊስ ወይ አውሮፕላን ብለዋት አውሮፕላኑን መርጣለች። ሻንጣውን ለሹፌሩ ሰጠሁት። በመስታወቱ አየችኝ። የምታየው አብራት የምትሠቃይ እህቷን መስሏት በእንባዋ መሃል እጇን አንስታ «አይዞሽ» አለችኝ። ድምጿ አልተሰማም፤ ከከንፈሯ ነው ያነበብኩት። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ብዬ ተመኘሁ ማለት ነበረብኝ፤ አልተመኘሁም። ገብቼ ሽንኩርት ከተፍኩ።

ሌላም አለ። ዙሪክ ከገባሁ ጥቂት ዓመት ቆይቶ ከጄኔቫ የመጣ አንድ ሰው፣ ወዳጆች ቤት ተቀምጠን ሲያወራ፣ ያቺን ልጅ አስጠግታ የነበረችው ሴትዮ ራሷ ደውላ አሳልፋ ሰጠቻት አለ። ሁሉም የሚያውቀው ነው አለ። ሴትዮዋ ያቺው እትዬ ናት፤ የአረጋውያን መጦሪያ ቤት የምትሠራ፣ እሁድ ከሰዓት የእረፍት ተራችን ደርሶ ስንመጣ መኮሮኒ ቀቅላ የምታበላን፣ እግራችንን ሶፋ ላይ እንድንሰቅል የምታስገድደን ሴት። ሰውየው ሲያወራ እኔ ሻዬን ጠጣሁ። ያ የማይዋሸው አፌ ያን ቀን ተዘግቶ ዋለ።

ልጄ ፎርትራጓን አቀረበች፤ ጥሩ ውጤት አመጣች። እኔን ግን እህል አልወርድልሽ አለኝ። ዙሪክ አጠገብ ዋሊሰለን በምሠራበት ጫማ ቤት ለአንዲት ደንበኛ ሁለት የግራ እግር ጫማ ከትቼ ሸኘኋት። እሁድ መጋቢው እንግዳ ይዞ መጥቶ ምስክርነቴን ሲጠይቀኝ «ጉሮሮዬን አሞኛል» አልኩ። ጉሮሮዬ ደህና ነበር። ስለ ሰውዬው ሳስብ ንዴቴ ሊበርድልኝ አልቻለም፤ ቆይቼ ግን የተናደድኩት በእሱ ብቻ እንዳልሆነ ገባኝ። እሱ እንኳን ላልተናገረው ነገር ነው የተመሰገነው። እኔ የተጨበጨበልኝ ለተናገርኩት ነው።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ፈቃድ ጠይቄ ጄኔቫ ሄድኩ። ባቡሩ ሦስት ሰዓት ሊሞላ ጥቂት ይቀረዋል። መንገዱን ሙሉ የምናገረውን ስለማመድ አንዲት አሮጊት ስልክ የማወራ መስሏት ዝም በይ አለችኝ። እንደወረድኩ መጀመሪያ በአውቶቡስ ግራንድ ሳኮኔ ሄድኩ፤ ለምን እንደሆነ አላውቅም፤ ምናልባት ፈርቼ ጊዜ እየገዛሁ ነበር። አጥሩ ላይ ያለው ቁጥቋጦ አድጓል፤ የሌላ አገር ሰዎች ገብተውበታል። የጋራዡ በር ግን ያው ግራጫው ነው። ከበሩ እስከ አውቶቡሱ ማቆሚያ በእግሬ ለካሁት። ሁለት ደቂቃ እንኳን አይሞላም፤ እሷ ያን ቀን ያን ሁለት ደቂቃ ለመሄድ ምን ያህል ድፍረት እንደጠየቃት እኔ የማውቀው ነገር የለም።

የእትዬ ቤት ከባቡር ጣቢያው ጀርባ ነው። ደወሉ ከታች ሦስተኛው፣ በግራ በኩል። ለእመቤቲቱ እንደነገርኳት ልክ እዚያው ነው። በጣቴ ተጫንኩት።

ጸጉሯ ሙሉ በሙሉ ነጭ ሆኗል። በሩን ገርበብ አድርጋ አየችኝ፤ ቆየች፤ «አንቺ ነሽ እንዴ?» ብላ አቀፈችኝ። «ሰው ከመጣብኝ ስንት ጊዜዬ! ግቢ፣ ጫማሽን አታውልቂ፣ ግቢ» እያለች ጠረጴዛው ላይ ብስኩት ደረደረች፤ ሻይ ጣደች። ስለ ልጄ፣ ስለ ባሌ፣ ስለ ዙሪክ ብርድ ጠየቀችኝ። ደስታዋን አይቼ ወደ ባቡሩ ልሮጥ ፈለግኩ።

«እትዬ፣ ያቺ ልጅ የት ደረሰች?» አልኩ።

ፊቷ ወዲያው ጨለመ። የሻዩን ማንኪያ አስቀመጠች። «አንቺም ለዚህ ነው የመጣሽው?» አለች። «እንግዲህ ለአንቺም ልማልልሽ። በሕያው እግዚአብሔር እኔ አልሰጠኋትም። ሥራ ነበርኩ። አሮጊቶች ሳጥብ ውዬ ስመጣ ቤቱ ባዶ ነው፤ ነጠላ ጫማዋ ብቻ እዚህ በሩ ጋ አለ። ማንም አላመነኝም። ጉባኤ ስገባ አጠገቤ የሚቀመጥ ጠፋ፤ ተውኩት። እሷም ያው ናት። ቁጥሯን ከእህቷ ለምኜ በየእንቁጣጣሹ እደውላለሁ፤ ድምፄን ስትሰማ ትዘጋብኛለች። እኔን የሚያንገበግበኝ ሳታውቅ መሞቴ ነው።»

ባቡር ውስጥ የተለማመድኩት ሁሉ ጠፋኝ። «እኔ ነኝ» አልኩ።

«ምንሽ?»

«የነገርኳት እኔ ነኝ። ለእመቤቲቱ።»

የመጥረቢያው ልጅ ይህን ሲል አባቱ አቅፎታል ተብሎ ነው የተጻፈው። እኔን ማንም አላቀፈኝም። እትዬ ወንበሩን ደግፋ ቀስ ብላ ተቀመጠች። ሻዩ ፈልቶ ክዳኑን ሲያንኳኳ ሁለታችንም አልተነሳንም። «አንቺ እንደምታውቂ እንኳን አላወቅኩም» አለች። ቆይታ «ለምን?» አለችኝ።

«ጠየቀችኝ» አልኩ። ከዚህ የተሻለ መልስ ሳስብ ነበር የመጣሁት፤ የለም።

አልጮኸችብኝም፤ ብትጮኽ ይሻለኝ ነበር። ተነስታ እሳቱን አጠፋች፤ ከመሳቢያ ትንሽ ደብተር አውጥታ ፊቴ ዘረጋችው። «ደውይላት። ከእኔ ስልክ አይደለም፣ ከራስሽ። እኔም እየሰማሁ።»

ደወልኩ፤ ድምፅ ማጉያውን ከፈትኩት። ሁለት ጊዜ ጠርቶ ተነሳ። ድምጿ ወፍሯል፤ ከኋላዋ ልጆች ይንጫጫሉ። ማን እንደሆንኩ፣ ግራንድ ሳኮኔ አብረን የነበርን መሆናችንን ተናገርኩ።

«አንቺ!» ብላ ጮኸች። «ወይኔ የኔ እህት! ወይኔ! በር ላይ ሻንጣዬን ይዘሽ ቆመሽ እኮ ነው ሁልጊዜ የምትታዪኝ! እዚያ ቤት ብቻዋን ጥያት ሄድኩ እያልኩ ስንት ጊዜ አለቀስኩ! እንዴት አገኘሽኝ? ደህና ነሽ? ወለድሽ?»

እትዬ ከጠረጴዛው ማዶ የጠረጴዛውን ጠርዝ በሁለት እጇ ይዛ ታየኛለች። አንድ ቃል ብቻ ነበር የሚያስፈልገኝ። «ወለድኩ» ብዬ ወሬውን ብቀጥል ያ ሁሉ ፍቅር የእኔ ሆኖ ይቀራል። እውነት መናገር ተናጋሪውን ራሱን ሊያስከፍለው እንደሚችል እስከዚያች ደቂቃ ድረስ አላውቅም ነበር።

«ስሚኝ» አልኳት። «እትዬ አይደለችም። የት እንዳለሽ ለእመቤቲቱ የነገርኳት እኔ ነኝ። እትዬ ምንም አላደረገችም። እኔ ነኝ።»

የልጆቹ ጫጫታ ብቻ ቀረ። ዘጋችው ብዬ ስልኩን አየሁት፤ አልተዘጋም፤ ሰከንዱ ይቆጥራል።

«አጠገብሽ ናት?» አለች በመጨረሻ።

«ማን?»

«እትዬ።»

«አዎ።»

«ስልኩን ስጪያት።»

ሰጠኋት። እትዬ እንደ ሕፃን በሁለት እጇ ተቀበለችው። እኔ ኮቴን አንስቼ ወደ በሩ ሄድኩ። እትዬ መናገር አቅቷት ሲቃ ሲይዛት ልጅቷ ከስልኩ ውስጥ «አይዞሽ፣ አይዞሽ እትዬ» ስትላት ሰማሁ። ያን ቃል ከእሷ አፍ በድምፅ ስሰማው የመጀመሪያዬ ነው። ወጥቼ በሩን ቀስ ብዬ ገጠምኩትና ስልኬን እስኪመልሱልኝ ደረጃው ላይ ተቀምጬ ጠበቅኩ።